የአያ ወዳጆ ዳቦ

አባቴ እህል የተዉበትን ዓመት ባሰብኩ ቁጥር ይደክመኛል። ሰባ ዓመት ሞልቶኛል፣ ጉልበቴን ያመኛል። በቀደም ዕለት ሐኪሙ «እማማ፣ እንጀራ ይቀንሱ፤ ዳቦና ድንች ይተዉ፤ እንቁላልና ጎመን ይብሉ» ሲለኝ የልጅ ልጄ አዲስ ነገር የተገኘ መስሏት በስልኳ ልታነብልኝ ተቻኮለች። ተይኝ እባክሽ አልኳት። ይህን ነገር እኔ በስምንት ዓመቴ መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ላይ አይቼዋለሁ። ዘመኑ 1955 ዓ.ም. ነበር። ማየቱን አየሁ እንጂ ካየሁት ውስጥ አንዱንም በትክክል አልተረዳሁትም።

አባቴ ቄስ ገብረ አማኑኤል የሚካኤል ደብር ቀዳሽ ነበሩ፤ ደግሞም በጣም ወፍራም ነበሩ። በእኛ አገር ውፍረት አያሳፍርም። እንዲያውም እናቴ ጥሩሸዋ አባቴ በር ሞልተው ሲገቡ ደስ ይላት ነበር፤ ባሏን በደንብ እንደያዘች አገር ይመሰክርላታል። ቄስ ደግሞ በሄደበት ይበላል። ክርስትናውም ተዝካሩም ላይ የመጀመሪያው ቁራሽ የእሱ ነው። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙና የጾሙትን ሁሉ በገብስ ዳቦና በጠላ ያካክሱት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዚያ ዓመት ጥምቀት ነው። ጥር ዐሥራ ሁለት ቀን ሚካኤል ከወንዝ ሲመለስ ታቦቱን በራሳቸው የተሸከሙት አባቴ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን አፋፍ ላይ ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ገና ከግማሹ ሳይደርሱ ቆሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ሲወርድ አየሁ። እልልታው ቀጥ አለ። የነፍስ አባታቸው ቄስ መርስዔ ኃዘን ቀረብ ብለው ታቦቱን ተቀበሏቸው፤ አባቴም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሴቶቹ ኋላ ቀስ እያሉ ወጡ። እኔ ሚካኤል ተቆጥቶ አልሸከምም ያላቸው መስሎኝ አለቀስኩ። ሚካኤል ምንም አላለም፤ ዳገቱን እንቢ ያለው፣ ኋላ ሐኪም ቤት ሲመዘን መቶ ዐሥራ ስምንት ኪሎ የሆነው ሰውነታቸው ነው።

ከዚያ ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ቀን ለእናቴ «የሚመጣው ጥምቀት ታቦቱን መንበሩ ድረስ ካላደረስኩ ቅዳሴውን ለሌላ ለቅቄ እቀመጣለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ኧረ ይህን አይበሉ!» አለች እናቴ፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

ፊቷ ለምን እንደተለዋወጠ አልገባኝም ነበር። የምናርሰው መሬት የቀዳሽ መሬት እንደሆነ፣ አባቴ ካልቀደሱ መሬቱም እንደሚሄድ ያወቅሁት አድጌ ነው።

ፋሲካ እንዳለፈ ሁለቱም በበቅሎ ደብረ ብርሃን ሄደው ሐኪም አይተው ተመለሱ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ በአስተርጓሚ የተናገረውን እናቴ አንድ ሳታስቀር በቃሏ ይዛው መጣች። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጠላና ማር እርም ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤና ጎመን ግን እስኪጠግቡ ይበላሉ። ቶሎ ልክሳ ብሎ ራስን ማስራብም የለም፤ በወር ሁለት ኪሎ ከቀነሱ ይበቃል፤ ደግሞ ይህ የአንድ ሰሞን ሳይሆን የዕድሜ ልክ አበላል ነው ብሏል።

አባቴ ግን ቄስ አይደሉ? የሚያውቁት መድኃኒት መጾም ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከጎመን በቀር ሳይቀምሱ ሰነበቱና ቅዳሴ ላይ ራሳቸውን ሊስቱ ደረሱ። እናቴ ተቆጣች።

«ሐኪሙ ይብሉ አለ እንጂ ይራቡ አለ? ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል በቅቤ፣ የበግ ሥጋ፣ አይብ በጎመን ይቀርብላቸው ጀመር። እኔ ሀብታም የሆንን መስሎኝ ነበር። ሚዛን ስለሌለን እናቴ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን፣ ወገባቸውን በፈትል ትለካና ጫፉ የደረሰበትን ትቋጥረዋለች። ቋጠሮው ወደ ውስጥ ሲገባ እያየች በልቧ ትስቃለች።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በምስጢር ነው። እናቴ መድኃኒት ከተወራ አይሠራም ብላ ታምናለች። አባቴ ደግሞ ያፍራሉ፤ ሰውን ሲያስጾሙ የኖሩ ቄስ «በልተህ ነው የታመምከው» ተባሉ ቢባል አገር ይስቅባቸዋል። ለእኔም አልነገሩኝም። የሰማሁትን ሁሉ ያሰባሰብኩት በኋላ ነው፤ ያኔ የማየው አባቴ ዳቦ መተዋቸውንና እየከሱ መሄዳቸውን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ ሰንበቴ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ቄሱ ባርኮ ይቆርሳል፣ አስቀድሞም ይቀምሳል። የዚያን ቀን ተረኛ ጎረቤታችን አያ ወዳጆ ነበር። እሱና አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት በድንበር ተጣልተው፣ ምሳር እስከ መማዘዝ ደርሰው፣ በሽማግሌ ታርቀዋል። አባቴ ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ፣ ለሁሉ አደሉ። የራሳቸውን ቁራሽ ግን ወደ አፋቸው አላስጠጉትም፤ ዞር ብለው «እንኪ ብርነሽ፣ ብይ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ጠላውንም ባርከው ከጎናቸው ለተቀመጠው አቀበሉ።

ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ትኩስ የገብስ ዳቦ ነበር፣ ጥቁር አዝሙድ ሸትቶኛል፤ እኔ ተደስቼ ስገምጥ አያ ወዳጆ ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ አባቴ ያያል። በእኛ አገር የሰው ዳቦ አልቀምስም ያለ ሰው ቂም ይዟል ማለት ነው። ደመኛ ከደመኛው ጋር አይቆርስም። ደመኛው ደግሞ ቄስ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ቂም ይዞ የሚቀድስ ቄስ ራሱንም ምዕመኑንም ያስኮንናል።

በሚቀጥሉት እሑዶች የሌሎቹንም ተረኞች ዳቦ አልቀመሱም። ይህ ግን አላዳናቸውም። ምንጭ የወረዱት ሴቶች «ለማስመሰል ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ «ወዳጆን ብቻ እንዳይመስልባቸው ብለው ነው እንጂ ነገሩስ የወዳጆ ነው። አታዩም እንዴ ቂሙ ራሱ ሲያከሳቸው?»

አያ ወዳጆም እርሻ ሲወጣ ጠመንጃውን ይዞ መውጣት ጀመረ። ሚስቱ እትዬ ዓለሚቱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ «ለቄሱ» እያለች ታመጣለች። እናቴ «እግዜር ይስጥልን» ብላ ትቀበላትና ዳቦውን ለእንግዳ ታወጣዋለች። አንድ ቀን እትዬ ዓለሚቱ ምንጭ ዳር ብቻዬን አገኘችኝ። ዐይኗ ቀልቷል።

«ብርነሼ» አለችኝ፣ «አባትሽ ዳቦዬን አንድ ጊዜ እንኳ ቢቀምሱልኝ ይህ ሁሉ መዓት ይቀር ነበር። ልጆቼ እኮ ያለ አባት ሊቀሩ ነው።»

ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ ልጅ ነበርኩ፣ ተኛሁ። በማግስቱ ግን የማደርገውን አውቄ ተነሣሁ። አባቴ ዳቦውን ከቀመሱ ዕርቅ ነው። ዐውቀው ባይቀምሱም ሆዳቸው ያውቀዋል ብዬ ነው።

በዓለ ሃምሳ አልቆ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ሥጋና እንቁላሉ ስለቀረ አባቴ የሚበሉት ጎመን በተልባ ብቻ ነበር። ተልባውን ቆልቶ መውቀጥ የእኔ ሥራ ነው። ከእትዬ ዓለሚቱ ዳቦ ገመስ አድርጌ ምድጃው ዳር አደረቅሁት፤ ከተልባው ጋር ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ አንድ ላይ ወቀጥኩት። መልኩ አያስታውቅም።

አባቴ አንድ ጊዜ ጎረሱና አፋቸው ቆመ። ወደ ገበታው አዩ። ከዚያ እንደገና ጎረሱ። ሳህኑን በጣታቸው ጠርገው ጨረሱና «ተልባው ዛሬ ጣፍጧል» አሉ። በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

የሐዋርያትን ጾም እንደዚያ ጨረስን። ጾሙ ከተፈታም በኋላ ረቡዕና ዓርብን አላለፍኩም። ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲመጣ ደግሞ በየቀኑ ሆነ። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል፣ ጉሙ ከበራችን አይለቅም፣ ቤቱ በኩበት ጢስ ይታፈናል፤ እኔ ሙቀጫዬ ላይ ተደፍቼ ሁለት ሰው እያስታረቅሁ ነበር። ዕርቁ ግን አልመጣም። አያ ወዳጆ ከጠመንጃው አልተለየም። የእናቴም ፊት በየወሩ ይጠቁር ጀመር። ለካ ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቋጠሮው ካለበት አልነቃነቅም ብሏል፤ ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ጭራሽ ወደ ውጭ ወጥቷል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እኔ ጓዳ ነኝ፣ እነሱ መደቡ ላይ ናቸው። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለምትናገር አይሰማኝም፤ አባቴ ግን በድንገት ጮኹ።

«ሚካኤልን! ከፋሲካ ወዲህ የእህል ዘር በአፌ አልዞረም!»

አባቴ ሲምሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የወዳጆን እህል አልበላም፣ አልታረቅም ብለው የማሉ መሰለኝ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ተደብቀው ቆሎ ይበላሉ ብላ እንደጠረጠረቻቸው፣ አርባ ዓመት ሲያስምሉ የኖሩት ቄስ በሚስታቸው ፊት ሌባ እንደሆኑ ምን አውቄ! የመጣልኝ መፍትሔ አንድ ነው። በማግስቱ ዳቦውን እጥፍ አደረግሁት።

ጳጉሜ ላይ፣ አዲሱ ዓመት በቂም እንዳይገባ ተብሎ፣ ቄስ መርስዔ ኃዘን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤታችን መጡ። አያ ወዳጆ ከኋላቸው ነው። ዳቦ በመሶብ አስይዘውታል፤ ጠመንጃውን ደጅ አስቀምጧል።

«ቄስ ገብረ አማኑኤል» አሉ ቄስ መርስዔ ኃዘን፣ «ወንድሜ ነዎት፣ የንስሐ ልጄም ነዎት። ቂም ይዞ መቅደስ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ወይ ከዚህ ሰው ጋር ይቁረሱ፣ ወይ ከመቅደስ ይታቀቡ።»

አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ ከጓዳው በር ላይ «ኧረ እሳቸው እኮ ሐኪሙ…» ብላ ስትጀምር በእጃቸው ዝም አሰኟት። አያ ወዳጆ ወደ ደጅ ዞሮ ያያል። አላስቻለኝም።

«በልተዋል!» ብዬ ጮኽኩ። «አባባ የአያ ወዳጆን ዳቦ በልተዋል! ክረምቱን ሙሉ በልተዋል! ተልባው ውስጥ እየወቀጥኩ ሳበላቸው ነው የከረምኩት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ ሲፈሩ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ግን ተደስተው ነው ብዬ ነበር። እናቴ ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ሮጣ ሄዳ አባቴ ጉልበት ላይ ወደቀች።

«ይቅር ይበሉኝ! ንጹሕ ሰው ጠረጠርኩ፣ በሚካኤል አስማልኩዎት! ይቺ ሰይጣን ናት ለካ!»

አባቴ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

ከዚያማ የሐኪሙ ነገር ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሁሉን ከሰሙ በኋላ እስኪያለቅሱ ሳቁ። አያ ወዳጆ ግን የምሩን አለቀሰ፤ «አምስት ወር ሙሉ ዛሬ ይገድሉኛል ነገ ይገድሉኛል እያልኩ!» እያለ። አባቴ ከዳቦው አውራ ጣት የምታህል ቆረሱ፣ ግማሹን ለእሱ አጎረሱት፣ ግማሹን ራሳቸው በሉ። ጠቡ እዚያ ላይ አበቃ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ በሳማ ገረፈችኝ። እግሬ እሳት ሆነ። «አባትሽን ልትገድያቸው! ታቦቱን ልታስቀሪባቸው!» ትላለች። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ተዪአት ይላሉ ብዬ ዐይን ዐይናቸውን አየሁ፤ ዳዊታቸውን አንሥተው ገለጡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና። ምስጢሩ ስለወጣ አገር ሁሉ ተባበረ፤ አያ ወዳጆ እንቁላል በቁና ይልካል፣ ሰንበቴው ላይም ለአባቴ ጎመን በቅቤ ለብቻ ይቀርባል፣ እየተቀለደባቸውም ቢሆን። ተልባውን ከዚያ ወዲያ እናቴ ራሷ ወቀጠች። ቋጠሮው ወር በወር ወደ ውስጥ ገባ። ቀሚሳቸው ሰፍቶ በመታጠቂያ ተያዘ። ጥር ሲደርስ እንደ ጎረምሳ ዳገት ይወጡ ነበር።

በ1956 የጥምቀት ከተራ ታቦቱን ይዘው ወረዱ። በዐሥራ ሁለት ሲመለሱ እናቴ እጄን አንቃ ይዛ ከጎን ከጎን ትሄዳለች። ባለፈው ዓመት የቆሙበትን ቦታ አለፉ፤ እልልታው ጨመረ። አፋፉ ላይ ወጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ታየ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። አላላባቸውም። ጉልበታቸውም አልተንቀጠቀጠም። ቄስ መርስዔ ኃዘንን በዐይናቸው ጠሩና ታቦቱን አስረከቧቸው። ከሕዝቡ መሀል አንዱ «አሁንም ጥቂት ይቀራቸዋል» አለ። እናቴ ዝቅ ብላ አየችኝ። ክረምቱን ባላበላሽባቸው ኖሮ እስከ መቅደሱ የቀረችውን ሃምሳ እርምጃ ይጨርሷት ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በእናቴ ዐይን ውስጥ አነበብኩት፣ አመንኩትም።

ቅዳሴውን አልተዉም፣ ሽማግሌ ለመኗቸው። በዓመቱ ታቦቱን መንበሩ ድረስ አደረሱ። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ እሳቸው ነበሩ የሚሸከሙት። አበላላቸውንም እስኪሞቱ አልለወጡም፤ አልወፈሩም። እኔ ግን የዚያን ጥምቀት ነገር ይዤው አደግሁ። ሌላ ሰው ቤት ዳቦ ስቆርስ እጄ ይፈራ ነበር።

ዓለም ከተማ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ፣ በስድሳ ስምንት፣ አባቴ ታመሙ ተብዬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ግድግዳ አስደግፌ እግራቸውን አሽላቸዋለሁ። እግራቸው ቀጭን ነው። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አባባ፣ ያን ጥምቀት ታቦቱን ያስቀረሁብዎ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።»

«የትኛውን ጥምቀት?»

«የሃምሳ ስድስቱን።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አፋፍ አዩ።

«ያን ቀን እኮ አልደከመኝም ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን ሰጧቸው?»

«ተልባው ውስጥ ዳቦ እንዳለበት ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቅሁት። የገብስ ዳቦ ጣዕም ይጠፋኛል? ማን እንዳደረገው እንኳ አልጠየቅሁም። ጎመን ሰልችቶኝ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር ልጄ። ጣፈጠኝ፣ ዝም ብዬ በላሁ። እናትሽ ስትይዘኝ ደግሞ በሚካኤል ማልኩ። እስከ ጥር እንዴት እንደቀደስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ቀን ግን አጥሩን ሳየው… በሐሰት የማልኩበትን ታቦት በራሴ ተሸክሜ መቅደስ ልገባ አልቻልኩም።»

እጄ እግራቸው ላይ ቀረ።

«ያንኑ ዕለት ለቄስ መርስዔ ኃዘን ተናዘዝኩ። ዓመት ቀኖና ሰጡኝ። ለእናትሽም ነገርኳት፣ ይቅር አለችኝ። አንቺን ግን ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ ተውኩሽ።»

እናቴም ታውቅ ነበር ማለት ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ጠርታ አንቺ አይደለሽም አላለችኝም። ተናደድኩ። እሳቸው ላይ ነው የተናደድኩት፣ እሷ ላይ ነው፣ ምኑን አውቄው።

«ይቅር በይኝ» አሉኝ።

አገር ሁሉ እግዚአብሔር ይፍታህ ይፍታሽ እንዲሉት የሚመጣው አባቴ ዘንድ ነበር። ይቅር የተባለ ሰው ወዲያው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ማለት እንዳለበት እኔም አላጣሁትም። አፌ ግን እንቢ አለኝ። ተነሥቼ ቤት ገባሁና ሁለት እንቁላል በቅቤ ሠርቼ፣ ጎመን ጨምሬ አመጣሁላቸው። ቀስ ብለው፣ በዚያ ሁልጊዜ በማውቀው አበላላቸው በሉ። ጨርሰው ሳህኑን ስቀበላቸው ነው የቻልኩት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

«ምን አልሽኝ?» አሉ፤ ጆሯቸው ከብዷል።

ጎንበስ ብዬ፣ ጮክ አድርጌ ደገምኩላቸው።